የሰዓቷ የትመጣ

፩

ነገሩ የተጀመረው ለጥምቀት ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በወረድኩበት ሰሞን ነው። አጎቴ ከሣጥን ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለች የእጅ ሰዓት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና፣ «አንተ ልጅ፣ የታሪክ ተማሪ አይደለህም እንዴ? እንግዲያው ጻፍልኝ» አሉኝ። ምን እንደምጽፍ ብጠይቃቸው ነገሩን ዘረዘሩልኝ። አሮጌ ሰዓት የሚሰበስብ አንድ ገዥ መጥቶ አይቷታል፤ ወዷታልም። ዋጋም ነግሯል። ነገር ግን «የኮሪያ ዘማች ሰዓት ለመሆኗ የተጻፈ ነገር ካላችሁ እጥፉን እከፍላለሁ» ብሏል። በቤታችን ሰዓቷ የኮሪያ መሆኗን የማያውቅ የለም። አያቴ ከዘመቻው ሲመለሱ በእጃቸው አስረዋት እንደመጡ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ስሰማ ኖሬአለሁ። የጎደለው ወረቀት ብቻ ነው። ወረቀት ደግሞ ተማሪ ይጽፋል።

መጀመሪያ ሰዓቷን ላስተዋውቃችሁ። ሴይኮ ናት፣ የእኛ ሰው «ሲኮ» የሚላት። አካሏ አይዝጌ ብረት ነው፤ ገጿ ሰማያዊ፣ ዙሪያዋን የከበባት ቀለበት እኩሉ ቀይ እኩሉ ሰማያዊ። በቀኝ ጎኗ ሁለት ቁልፎች አሏት። የላይኛውን ሲጫኑት ቀጭኗ ረጅም ቆጣሪ ተነሥታ ሰከንድ ትቆጥራለች፤ መልሰው ሲጫኑት ትቆማለች፤ የታችኛውን ሲነኩት እመር ብላ ወደ 12 ትመለሳለች። ከገጿ ግርጌ ያለችው ትንሽ ክብ ደግሞ እስከ 30 ደቂቃ ትይዛለች። ይህን የምትሠራ ሰዓት ክሮኖግራፍ ትባላለች።

እንዳልዋሻችሁ፣ የደብዳቤውን የመጀመሪያ አንቀጽ ጽፌ ነበር። «ይህች ሰዓት በኮሪያ ዘመቻ ጊዜ...» ብዬ ጀመርኩ። ከዚያ እጄ ቆመ። ክፍል ውስጥ ዓመት ሙሉ «ማን ጻፈው? መቼ ጻፈው? ምን አይቶ ጻፈው?» እያልን የሌላውን ሰነድ ስንፈትን ከርመን፣ የራስ ቤት ሲደርስ ዝም ይባላል ወይ? ይህ ጽሑፍ የተወለደው ከዚያች ጥያቄ ነው። ስለ አንዲት የአያት ሰዓት ብቻ አይደለም፤ አሮጌ የብረት ሰዓት በዓለም ላይ ለምን ይህን ያህል እንደሚፈለግ፣ ለአንድ ዕቃ የትመጣው እንዴት እንደሚመሰከርለትና እንዴት እንደሚዋሽበት ጭምር ነው።

፪

ክሮኖግራፍ ከግሪክ የመጣ ቃል ነው፤ ጊዜ ጻፊ ማለት ነው። ስሙ ያለ ነገር አልወጣም። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1 ቀን 1821 ፓሪስ ውስጥ ሻን ደ ማርስ በተባለው ሜዳ የፈረስ እሽቅድምድም ነበር። ኒኮላ ሪየሴክ የተባለ ሰዓት ሠሪ ሣጥን የምታህል መሣሪያ ይዞ ቀረበ። ፈረሱ መስመሩን ባለፈ ቁጥር ይጫናታል፤ መሣሪያዋም በሚዞረው ገጿ ላይ የቀለም ነጥብ ትጥላለች። በነጥቦቹ መካከል ያለው ርቀት የፈረሶቹን ልዩነት ይናገራል። ጊዜን በእርግጥ ትጽፍ ነበር እንጂ ስሟ ምሳሌ አልነበረም።

ይህን ሲያነቡ ፈገግ የሚሉ የባንጃና የአንከሻ ልጆች እንደሚኖሩ አውቃለሁ። ክሮኖግራፍ ስሟን ያገኘችው በፈረስ ምክንያት ነው፤ እኛም የፈረስ አገር ሰዎች ነን። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው፤ በዓድዋ ጦርነትና በኋላም በፋሺስት ወረራ ዘመን ፈረስ የዋለውን ውለታ ለማሰብ። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ እንጅባራ ላይ ፈረሱ ተሸልሞ ሜዳውን ሲሞላ ያላየ ከመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ታዲያ በእኛ ሜዳ ሰዓት የያዘ ዳኛ ዓይን ውስጥ አይገባም። ማን ቀደመ ነው ጥያቄው፤ ስንት ሰከንድ ፈጀ የሚል የለም። ለሽማግሌው ዓይን ይበቃዋል። ፈረንጆቹን ወደ ቀለም ነጥብ የወሰዳቸው ነገር የፈረስ ፍቅር ብቻ ሳይሆን የክርክር ብዛት ነበር ብል ብዙ አልሳሳትም።

የሪየሴክ ነገር ለኛ ርእስ ሌላም ትምህርት አለው። ለ190 ዓመት ያህል የመጀመሪያው ክሮኖግራፍ የእሱ ነው ሲባል ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2012 ግን ጄኔቫ ላይ በተደረገ ጨረታ አንዲት የኪስ መቁጠሪያ ተሸጠች። ስትመረመር ሉዊ ሞይኔ የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ ሰዓት ሠሪ የሠራት ሆና ተገኘች፤ አካሏ ላይ የተመታው ማኅተም ደግሞ 1815 ተጀምራ 1816 ማለቋን አረጋገጠ። በ2013 ነገሩ ሲገለጽ የተማረው ታሪክ በአምስት ዓመት ወደ ኋላ ሄደ። ከመጽሐፍ ይልቅ አንዲት ማኅተም በለጠች። ይህችን ማኅተም ልብ በሉልኝ፤ ወደ ዳንግላ ስመለስ ትፈለጋለች።

ከዚያ በኋላ መሣሪያው እያነሰ ሄዶ ኪስ ገባ፤ በሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ደግሞ ክንድ ላይ ወጣ። መድፈኛ፣ አብራሪ፣ ሐኪም፣ የመኪና ተወዳዳሪ ሁሉ ፈለገው። ዛሬ የምናያት ባለ ሁለት ቁልፍ መልኩ የተያዘው በ1930ዎቹ አካባቢ ነው፤ ብራይትሊንግ የተባለው የስዊስ ድርጅት ሁለተኛዋን ቁልፍ በ1934 አመጣ። በ1969 ደግሞ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ወገኖች፣ ሁለቱ ከስዊስ በኩል አንዱ ከጃፓን፣ በክንድ እንቅስቃሴ ራሷን የምትሞላ ክሮኖግራፍ አወጡ። የጃፓኗ ማሽን ቁጥር 6139 ነበረች። ይህንንም ቁጥር ያዙልኝ።

፫

አሁን ወደ ሰብሳቢዎቹ ልሂድ። ሰው የተሰበረ ነገር ለመግዛት ለምን ይሽቀዳደማል? ሚስጥሩ ከዚያው ከ1969 ይጀምራል። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ሴይኮ በባትሪና በኳርትዝ ድንጋይ የምትሠራ የእጅ ሰዓት ለገበያ አቀረበ። ርካሽዋ ኳርትዝ ገበያውን ስታጥለቀልቀው የስዊስ ሰዓት ሠሪ ከተሞች ተናጉ፤ በ1970 ወደ 90 ሺህ ይጠጋ የነበረው ሠራተኛ በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደ 30 ሺህ ወረደ። ጥርስና ጥቅልል ያላት ሰዓት ያለፈበት ነገር ሆነች፤ ተጣለች፣ ተሰበረች፣ ለመለዋወጫ ተፈታች። የተረፈችው ናት ዛሬ የምትፈለገው።

ብረቷ ለምን ከወርቋ ትበልጣለች? ይህ ነው ሰውን የሚገርመው። ፓቴክ ፊሊፕ በ1941 ያወጣው 1518 የተባለ ክሮኖግራፍ አለ። በጠቅላላው የተሠራው 281 ገደማ ነው፤ ሁሉም ማለት ይቻላል ወርቅ ነው። በብረት መሠራታቸው የሚታወቀው አራት ብቻ ናቸው። ታዲያ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2016 ከአራቱ አንዱ ጄኔቫ ላይ ከ11 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በላይ ተሸጠ። ብረት ነው እኮ! ወርቅ ሰው ይሣሣለታል፤ በሣጥን ያኖረዋል፤ ልጅ ይወርሰዋል። ብረት ግን በሥራ ላይ ይውላል፤ ዝናብ ይመታዋል፤ ሲሰነጠቅ ይጣላል። ስለዚህ የብረቱ ዕድሜ ያጠረ ነው፤ ዕድሜ ያገኘው ደግሞ ብርቅ ነው።

ከብርቅነትም በላይ የሚከፈልበት ነገር የትመጣው ነው። ሁለት ሰዓቶች ላወዳድር። ፖል ኒውማን የተባለው አሜሪካዊ የፊልም ተዋናይ የመኪና እሽቅድምድም ይወድ ነበር። ሚስቱ አንዲት የብረት ሮሌክስ ዴይቶና ገዝታ፣ ጀርባዋ ላይ «ተጠንቅቀህ ንዳ» የሚል መልእክት አስቀርጻ ሰጠችው። ሰውየው በ1984 ለልጁ የወንድ ጓደኛ እንዲሁ አንሥቶ ሰጠው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2017 ኒው ዮርክ ላይ ለጨረታ ስትቀርብ ከ17.7 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣች። ማሽኗና ብረቷ ያንን አይመዝኑም። የተከፈለው ለቅርጹ ጽሑፍ፣ ክንዱ ላይ ለታየችበት ፎቶግራፍና ለልጁ ምስክርነት ነው።

ሁለተኛዋ ሴይኮ ናት። ዊሊያም ፖግ የተባለው የጠፈር ተጓዥ በኖቬምበር 1973 ወደ ስካይላብ ጣቢያ ሲሄድ መሥሪያ ቤቱ ከሰጠው ሰዓት ሌላ የራሱን 6139 ሴይኮ ይዞ ወጣ፤ 84 ቀን ከምድር በላይ ቆየች። ለብዙ ዓመት ማንም ልብ አላላትም። በኋላ ሰብሳቢዎች በጠፈር የተነሣውን ፎቶግራፍ አይተው ጠየቁት፤ እሱም አዎ አለ። ከ1969ኞቹ ራሷን ከምትሞላው ክሮኖግራፍ ወገን መጀመሪያ ጠፈር የደረሰችው እሷ ሆና ተቆጠረች። በ2008 ስትሸጥ ግን ከ6 ሺህ ዶላር በታች ነበር ያወጣችው። ታሪኳ ከዴይቶናዋ ያንሳል? አይመስለኝም። ገበያ ግን የታሪክ ሚዛን አይደለም፤ የፍላጎት ሚዛን ነው። የምስክሩን ነገር ግን ሁለቱም ጋ እዩት፦ ጽሑፍ፣ ፎቶግራፍ፣ በሕይወት ያለ ሰው ቃል።

፬

እኛስ? የትመጣ መቁጠር ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በጎጃም ርስት በነበረበት ዘመን መሬት የሚጠይቅ ሰው ሸንጎ ፊት ቆሞ ዘር ይቆጥር ነበር። ከአባቱ ጀምሮ አንድ በአንድ እየወጣ መሬቱን መጀመሪያ ከያዘው ቀደምት አባት መድረስ አለበት። መካከል ላይ አንድ ስም ከዘለለ ወይም ካምታታ ተከራካሪው ይይዘዋል፤ ርስቱም ይቀራል። ሰባት ቤት አገው የምንለው ራሱ እኮ የትመጣ ነው፤ አንከሻ፣ አዘና፣ ኳኩራ፣ መተከል፣ ዚገም፣ ባንጃ፣ ጫራ እያልን የምንቆጥረው። እንግዲህ ሰብሳቢ ሰዓትን የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ዘርሽን ቁጠሪ ይላታል። ከፋብሪካው እስከ ዛሬዋ ክንድ ድረስ በማን በማን አለፍሽ?

ዘር ቆጠራው ሲበላሽ ምን እንደሚሆን በአገራችን ስም ታይቷል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነበረች የተባለች አንዲት የወርቅ ፓቴክ ፊሊፕ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2017 ጄኔቫ ላይ ክሪስቲስ በተባለው የጨረታ ቤት ልትሸጥ ተዘጋጅታ ነበር። ዘላለማዊ የቀን መቁጠሪያ ያላት ናት፤ ክሮኖግራፍ አይደለችም። ከጨረታው በፊት የባለቤትነት ጥያቄ ተነሣና ቤቱ ከሽያጩ አወጣት። የንጉሡ መሆኗ ዋጋዋን ከፍ አደረገው፤ ያው የንጉሡ መሆኗ ደግሞ «ታዲያ ከንጉሡ እጅ እንዴት ወጣች?» የሚለውን ጥያቄ አመጣ። የትመጣ እንዲህ በሁለት በኩል የተሳለ ነው፤ ለሻጭም ለጠያቂም ይቆርጣል።

ወደ አገራችን ወደ አዊ ስንመጣ ደግሞ ሰዓትና ታሪክ የተገናኙባቸው ቀኖች ጥቂት አይደሉም። ጄምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1770 ከእንጅባራ ብዙም ከማይርቀው ግሽ ዐባይ ደረሰ። የሰማይ መለኪያውን ተክሎ ምንጩ የሚገኝበትን ቦታ በኬክሮስና በኬንትሮስ ለካ። ልኬቱ ለዘመኑ የሚያስመሰግን ነበር። ነገር ግን ከአውሮፓ መጀመሪያ የደረስኩት እኔ ነኝ አለ፤ ይህ ሐሰት ነው። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው የኢየሱሳውያን ቄስ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ከእሱ 152 ዓመት በፊት፣ ምንጩን አይቶ ጽፎ ነበር። መሣሪያው ትክክል፣ ታሪኩ ስሕተት። ሁለቱ አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ ከብሩስ የበለጠ ምሳሌ አላገኘሁም።

ዳንግላ ላይ ደግሞ የእንግሊዝ ቆንስላ ነበር። ሜጀር ቺስማን እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 እዚያ ተቀምጦ የዐባይን ሸለቆና የጣናን ዙሪያ እየዞረ ካርታ ያነሣ ነበር። ካርታና ሰዓት ምን አገናኛቸው የሚል ካለ፣ ምድር በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለች። አንድ ሰው ኬንትሮሱን በፀሐይና በኮከብ ሲለካ ሰዓቱ በአንዲት ደቂቃ ብትሳሳት፣ በእኛ አካባቢ ያለበትን ቦታ 27 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ታዛውርበታለች። አንዲት ደቂቃ መንደር ታስታለች ማለት ነው። በ1933 ዓ.ም. ደግሞ ጌዴዎን ኃይል የተባለው ጦር ከአርበኞች ጋር በጎጃም ሲያልፍ አዛዡ ዊንጌት ነበር። ይህ ሰው እንደ ሌላው መኮንን የእጅ ሰዓት በመያዝ ፈንታ የምትጮህ የማንቂያ ሰዓት ይዞ ይዞር እንደነበር ያወቁት ጽፈውለታል። ያቺ ሰዓት ዛሬ ብትገኝ ስንት ታወጣ ይሆን?

ለክሮኖግራፍም ቢሆን የኢትዮጵያ ስም ሩቅ አይደለም። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 21 ቀን 1964 ቶኪዮ ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ ሲጨርስ፣ የኦሎምፒኩን ጊዜ ይቆጥር የነበረው ሴይኮ ነው። ጃፓን የመጀመሪያዋን የእጅ ክሮኖግራፍ፣ ባለ አንድ ቁልፍ ክራውን፣ ያወጣችው ለዚያ ኦሎምፒክ ብላ ነው። ሰብሳቢዎች ያቺን ሰዓት ሲያነሡ ቶኪዮን ያነሣሉ፤ ቶኪዮን ሲያነሡ አበበን ያነሣሉ።

ይህ ሁሉ ታሪክ እያለ በየቤታችን ያሉት ሰዓቶች ወዴት እየሄዱ ነው? ቆራሌው በጠዋት ይጮኻል፤ እናት የቆመ ሰዓት አውጥታ በፕላስቲክ ሳፋ ትለውጣለች። ሰዓቷ ወደ አዲስ አበባ ትሄዳለች፤ ጥሩ ከሆነች ከዚያም ታልፋለች። የማትሄደው ታሪኳ ነው። እሱ እዚሁ በአሮጊቷ አፍ ይቀርና አብሯት ይቀበራል። ከዚያ ገዥው በጎደለው ቦታ የራሱን ይተካል። «የንጉሥ ስጦታ»፣ «የጄኔራል»፣ «የኮሪያ» ይላታል። ስም ብቻ ከሆነ ምን ይገደዋል?

፭

ወደ ዳንግላዋ ሰዓት ልመለስ። ሰዓት ሠሪ ዘንድ ወስጄ ጀርባዋን አስነበብኩ። ክዳኑን ለማንበብ መክፈት እንኳ አላስፈለገም፤ ቁጥሮቹ በውጭ ተቀርጸዋል። የመጀመሪያው 6139 ይላል። ከላይ ያዙልኝ ያልኳችሁ ቁጥር ነው። ያ ማሽን ከ1969 በፊት አልነበረም።

የኮሪያን ጦርነት ዘመን ደግሞ ማንም ያውቀዋል። ቃኘው ሻለቃ የመጀመሪያው ጦር በ1943 ዓ.ም. በሚያዝያ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅቡቲ በመርከብ ሄደ። ከክብር ዘበኛ የተውጣጣ ነበር። በየተራ የዘመቱት ሻለቆች 121 ሰው ሞተባቸው፤ 536 ቆሰለባቸው፤ የተማረከባቸው ግን አንድም የለም። ተኩሱ የቆመው በ1945 ዓ.ም. በሐምሌ ነው። በነገራችን ላይ «ቃኘው» የሚለው ስም ራሱ የፈረስ ስም ነው፤ የራስ መኮንን የፈረስ ስም አባ ቃኘው ነበር። አያቴ በ1944 ከሁለተኛው ቃኘው ጋር መዝመታቸው እውነት ነው፤ የምስክር ወረቀታቸውና ሜዳያቸው ዛሬም ቤት ውስጥ አለ። ሰዓቷ ግን ጦርነቱ ካበቃ ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ የተፈጠረች ማሽን ይዛለች።

ሁለተኛው ቁጥር የባሰ ተናጋሪ ነው። የዚያ ዘመን ሴይኮ ጀርባ ላይ ያለው ተራ ቁጥር የመጀመሪያው አኃዝ ዓመቱን፣ ሁለተኛው ወሩን ይናገራል። ከ1 እስከ 9 ያሉት እንዳሉ ናቸው፤ ኦክቶበር በዜሮ፣ ኖቬምበርና ዲሴምበር በላቲን የመጀመሪያ ፊደላቸው ይጻፋሉ። የአያቴ ሰዓት በ38 ይጀምራል። 3 ሲሆን 1973፣ 8 ሲሆን ኦገስት። 6139 በ1963ም በ1983ም ስላልተሠራ ሦስቷ ሌላ ትርጉም የላትም። በእኛ አቆጣጠር ሰዓቷ የተወለደችው በ1965 ዓ.ም. በሐምሌ መጨረሻ ወይም በነሐሴ ነው። አባታችሁ የድሮ ሲኮ ካላቸው ገልብጣችሁ እዩ። የማሽኑን ዘመን ሳታውቁ ግን አትፍረዱ፤ ያቺው አኃዝ በየአሥር ዓመቱ ትመለሳለችና።

ቆሜ ቀረሁ። የሞይኔን ማኅተም ማድነቅ ቀላል ነው፤ ማኅተሙ የራስን ቤት ሲያፈርስ ግን ሌላ ነው። አጎቴን ምን ልበላቸው? አባባስ ዋሽተውን ነው ወይ? ሰውየው በሕይወት ቢኖሩ እጠይቃቸው ነበር። ስለዚህ ወደ አያቴ ሄድኩ።

፮

እምዬ እሳት ዳር ቁጭ ብላ ነበር። ሰዓቷን መዳፏ ላይ አደረግኩና፣ «እምዬ፣ አባባ ይህችን ከኮሪያ ነው ያመጧት?» አልኳት። አገላብጣ አየቻት።

«ከኮሪያ? ማን አለ?»

«ሁሉም ነዋ የሚለው።»

«ከኮሪያ ያመጣውማ ብርድ ልብስ ነው» አለች። «ግራጫ ብርድ ልብስ። አጎቶችህን ሁሉ ያቀፍኩበት። አልቆ አልቆ የመጨረሻው ቁራጭ የኮርቻ ግላስ ሥር ገባ። ይህችንማ በውርንጭላዋ ነው የገዛት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1968 ዓ.ም. አያቴ የወደዷትን ውርንጭላ ሸጠው አዲስ አበባ ሄደው ነበር። ሲመለሱ እምዬ የጠበቀችው የቤት ክዳን ቆርቆሮ ነው፤ ይዘው የመጡት ግን ይህችን ሰዓት። ሁለት ሳምንት አላናገርኩትም ትላለች። ለምን ገዟት ብላት ሳቀች። «ፈረስ ሊቆጥርባት!» አለች። በጊዮርጊስ ዕለት ሜዳ ዳር ቆመው፣ ፈረሶቹ ሲነሡ የላይኛውን ቁልፍ ጠቅ፣ ሲደርሱ ጠቅ ያደርጉ ነበር። ከዚያ ይህን ያህል ሰከንድ ነው ብለው ያውጃሉ፤ የሚሰማቸው ግን አልነበረም። ማን እንደቀደመ ሰው ሁሉ በዓይኑ አይቷላ!

በሰዓቷ ዙሪያ ያለው የፍጥነት መለኪያ እንኳ አያገለግላቸውም ነበር። መለኪያው አንድ ኪሎ ሜትር በስንት ሰከንድ እንደሚያልቅ አይቶ ፍጥነቱን በሰዓት ያሰላል፤ መጨረሻው ግን 60 ሰከንድ፣ ማለትም በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ነው። ለመኪና የታሰበ ነው። የእኛ ፈረስ ኪሎ ሜትሩን ሳይጨርስ ቆጣሪዋ ዙሯን ትጨርሳለች። ከዚያ አያቴ መላ አበጁ፤ ግማሽ ኪሎ ሜትር ለኩና መለኪያው የሚለውን ለሁለት አካፈሉ። ይህን ማን እንዳስተማራቸው እምዬ አታውቅም።

ሌላም ነገር ነገረችኝ። አያቴ ሰዓቷን የሞሉት በእኛ አቆጣጠር ነበር፤ ጎህ ሲቀድ 12 እንድትል። እንዲያ ሆና ስለተስተካከለች የቀኑ ቁጥር የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት ሳይሆን ሲነጋጋ ነበር። ሰዓቷ እስከ 31 ትቆጥራለች፤ የእኛ ወር ግን 30 ነው። ስለዚህ ወር በገባ ቁጥር ጠዋት ማዞሪያዋን ገፋ አድርገው 31ን ያዘልሏት ነበር። በጳጉሜን ደግሞ ሁለት ጊዜ ይቆጧታል። «ፈረንጅ ናት፣ አትሰማም» እያሉ።

ታዲያ «ከኮሪያ» የሚለው ከየት መጣ? አያቴ እንዲህ ብለው እንደማያውቁ እምዬ ምላለች። እኔ የሚመስለኝን ልናገር። ከኮሪያ የመጣው ብርድ ልብስ አለቀ። ታሪኩ ግን አላለቀም፤ የሚያርፍበት ዕቃ ይፈልግ ነበር። በቤቱ ውስጥ የአባባ የሆነች፣ የምታብረቀርቅ፣ የማትዝግ አንዲት ነገር ነበረች። ልጆቹ ታሪኩን አንሥተው እሷ ላይ አሰሩት። ማንም አልዋሸም። ከጠፋው ዕቃ ወደ ተረፈው ዕቃ ታሪክ እንዲህ ይሻገራል። በብዙ ቤት ያለው «የኮሪያ ሰዓት»፣ «የዓድዋ ጎራዴ»፣ «የንጉሥ ካባ» ውስጥ እንዲህ የተሻገረ ስንት ይኖር ይሆን?

፯

ደብዳቤውን ጻፍኩ። ሰዓቷ በኦገስት 1973 ጃፓን እንደተሠራች፣ ባለቤቷ የሁለተኛው ቃኘው ዘማች እንደነበሩ፣ ነገር ግን ሰዓቷን ከኮሪያ እንዳላመጧት፣ በ1968 ዓ.ም. በውርንጭላ ዋጋ እንደገዟት፣ በጊዮርጊስ ዕለት ፈረስ ሲቆጥሩባት እንደኖሩ፣ ባለቤታቸው እንደመሰከሩ ጻፍኩና ቀኑን አኖርኩበት። እምዬ በአውራ ጣቷ ፈረመች። አጎቴ አንብበው ሲጨርሱ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «ይኼ አንተ የምትማረው ትምህርት ለቤት አይሆንም» አሉኝ። ገዥው ደብዳቤውን አይቶ እጥፉን ነገር አላነሣም፤ በመጀመሪያው ዋጋም ላስብበት ብሎ ሄደ። እስከዛሬ እያሰበ ነው። አጎቴ ለዚያ ገንዘብ ጉዳይ ነበራቸው፤ ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ደግሞ ሌላ ውሸት ይሆንብኛል።

እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ፣ ከዚህ ሁሉ የማቀርብላችሁ ልመና ትንሽ ነው። ለዕረፍት ወደየቤታችሁ ስትሄዱ ከሣጥን ሥር ያለችውን ሰዓት አውጡ። አታስወልውሏት፤ የተወለወለ ብረት ጠርዙ ይሟሟል፣ ጭረቱም ምስክር ነው። ገጿን ቀለም አታስቀቧት። የቆመች ከሆነ ከሌላ ሰዓት የተለቀመ ዕቃ አትግጠሙባት፤ ካስገደደ የወጣውን ዕቃ አብራችሁ አኑሩ። ጀርባዋ ላይ ያለውን ቁጥር ገልብጡ። አባባ አስረዋት የተነሡት ፎቶግራፍ ካለ ከእሷ ጋር አስቀምጡት። ከዚያ እምዬን ጠይቁ፤ የነገረችውን ሁሉ፣ የማይጥማችሁንም ጭምር፣ ከነቀኑ ጻፉ። ቆራሌው ነገ ጠዋት ይመጣል።

የእኛዋ አሁን ወደ ሣጥኗ ተመልሳለች። ባለፈው ጥር 23 ግን ለምኜ ይዣት እንጅባራ ሜዳ ሄጄ ነበር። ፈረሶቹ ሲነሡ የላይኛውን ቁልፍ ተጫንኩ። አጠገቤ የቆመ ሽማግሌ ክንዴን አይቶ፣ «ምን ትቆጥራለህ ልጄ? የኳኩራው ቀድሟል እኮ» አለኝ።